በኖቴ የሞተችው ሴት

ሰኞ
«መልሱ ትሞታለች ነው፤ በቃ!» አልኳት። ለሊሴ ከሸነን መጥታ አምቦ ቤት ተከራይታ የምትማር ተማሪዬ ናት። የታረመ ፈተናዋን ይዛ ስታፍ ድረስ ተከተለችኝ። በየዓመቱ «ዘመን የማይሽረው» እያልኩ የማስተምረው ልብ ወለድ ላይ ባለታሪኳ አትሞትም ትላለች። ኖቱ ላይ ትሞታለች ይላል አልኳት። «መጽሐፉ ላይ ግን አትሞትም፣ ቲቸር።» ድፍረቷ አናደደኝ። ኤክሱን አላነሳሁላትም።

ማክሰኞ
ላይብረሪ ገባሁ። የትምህርት ቤቱ ብቸኛ ቅጂ መጨረሻው ተገንጥሏል። ሴትየዋ ታማ አልጋ ላይ ወድቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ሽፋኑ ብቻ ነው። ኖቱ ሲዘጋጅም እንዲሁ ነበር። ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ቸኩዬ ነበር፤ እንዲህ ከታመመች መሞቷ አይቀርም ብዬ ገደልኳት። ጉደርም፣ ጊንጪም፣ አዲስ ዓለምም ፎቶ ኮፒ እያደረጉ የሚሸመድዱት ይኼንን ነው። ጠላሁት፣ ራሴን።

ረቡዕ
መጽሐፉን ከለሊሴ ተዋስኩ። የአባቷ ነው፤ በፕላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ከሰዓት ክፍል ስላልነበረኝ ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር ተቀምጬ ጨረስኩት። ሴትየዋ ትድናለች! ገና አቅሟ ሳይመለስ ተነስታ፣ ከርስቷ በግፍ የነቀላትን ሰው ሸንጎ ፊት ታቆመዋለች። ሰው መጽሐፉን እስከ ዛሬ የሚያነሳው ለዚህ ነው ለካ! እኔ ደግሞ ስንት ክፍል ፊት ቆሜ «ደራሲው ተስፋ መቁረጥን ሊያሳየን ፈልጎ» እያልኩ ዘባርቄአለሁ። አለቀስኩ። ደስ ብሎኝም፣ አፍሬም።

ሐሙስ
ለትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ለኦቦ ዲንቃ ነገርኩት። ቅዳሜ የየከተማው ትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር አለ። ጥያቄዎቹ ከእኔ ኖት ነው የወጡት። የእኛ ተወዳዳሪ ለሊሴ ናት፤ እኔ ከዳኞቹ አንዷ ነኝ።
«ረኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለውም፤ ልጅቷ ኖቱን ትመልስ። ተሳስተናል ብለን በየከተማው ልንዞር ነው? ደራሲው እንደሆነ ሞቷል፤ አይከሰንም» አለና ሳቀ።
እኔም እሺ አልኩ።

አርብ
ለሊሴን ጠርቼ «ለነገ ብቻ፣ ትሞታለች በይ» አልኳት።
«እርስዎ ነዎት እንዲህ የሚሉኝ?»


ቅዳሜ
ጥያቄው መጣ። ለሊሴ ማይኩን ይዛ እኔን አየችኝ። «ትሞታለች» አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። ሙሉ ነጥብ ጻፍኩላት፣ በዚችው እጄ። አሸነፍን። ሽልማቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የእኔው ኖት፣ በጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ፣ በወርቃማ ፊደል! ኦቦ ዲንቃ ጎትቶ ፎቶ አስነሳኝ። ቱ!

እሑድ
ለሊሴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሬ ላይ ቆመች። ግቢ ብላት አልገባችም። ሽልማቷን ዘረጋችልኝ።
«ይሄ የእርስዎ ነው። የእኔን ይስጡኝ።»
መጽሐፏን ሰጠኋት። ይቅርታ ልላት ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።
«ነገ ክፍል ይዘሽው ነይ። መጨረሻውን አንብቢላቸው።»
«ኦቦ ዲንቃስ?»
«ይዘሽው ነይ» አልኳት እንደገና።
መጽሐፉን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ሄደች።