ፈገግ እንድትዪ የፈለገው ኮሚቴ

አሰላሙ ዓለይኪ ዘሀራዬ፣

ካንቺ ወዲህ ሁለት ረመዳን ጾምን። ሁለተኛው ይቀላል ብለውኝ ነበር። የቀለለው ሾርባው ብቻ ነው፤ ልጃችን ነጃት እጇ ገና አልለመደም፣ እኔም ጎበዝ እያልኩ እጠጣለሁ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፌን ወንድምሽ ሁሴን ቢሰማ ቢድዓ ነው፣ በሃይማኖቱ የሌለ ፈጠራ ነው ብሎ እስከ መግሪብ ሰላት ያስተምረኛል። እኔ ግን ተናድጃለሁ፣ የምናደድለት ሰው ደግሞ አጣሁ። በዚህ ቤት መቆጣት ያንቺ ሥራ ነበር። እኔ ስሞክረው ነጃት «አባ፣ አመመህ?» ትለኛለች።

በቅድሚያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የጓዳው ጣሪያ ተጠግኗል፤ አሁን የሚያፈሰው ሳሎኑ ነው። ማንጎዋ ዘንድሮ ጥሩ አፈራች፣ የበላት ግን የጎረቤት ልጅ ሁሉ ነው፤ አንቺ በመስኮት ብቅ ካላልሽ የሚፈራ የለም። የሻሽና የሽርጥ ሳጥንሽ እንደተቆለፈ ነው። ሰንበቴ ገበያ ላይ ሴቶቹ ቦታሽን ብዙ ጊዜ ጠብቀውልሽ ነበር፤ አሁን አንዲት የባቲ ልጅ ተቀምጣበታለች። ጨርቅ የምትለካበት ክንዷ ካንቺ ይረዝማል አሉ። ያ ሁሉ «የሴትዮዋ ክንድ አጭር ነው፣ ባሏን ጥሩልን» ሲልሽ የኖረ ገበያተኛ ተደስቷል።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ።

ነጃት አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች። መንግሥት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሥዕል ውድድር አዘጋጅቻለሁ አለ። ከዞኑ አንደኛ የወጣ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ እዚያም ካለፈ ክረምቱን ከሠዓሊዎች ጋር ይሠለጥናል። ልጅሽን ታውቂያታለሽ፤ የማርመውን የፈተና ወረቀት ጀርባ ሳይቀር ስትሥልበት ያደገች ናት። ይህን ከሰማች በኋላ የምታወራው ሌላ ነገር ጠፋ። ርዕሱ «ሰላምና ተስፋ» ነበር። መንገድ ስለተዘጋ የሰላሙ ውድድር ተራዘመ ተብሎ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ የጻፈው ሰው ምንም ነገር አልከነከነውም። ቀለም ከበላይ ይላካል ተባለ። ተላከም፤ የመጀመሪያው የማስረከቢያ ቀን ካለፈ በኋላ። ቀኑ ቀድሞ ስለተራዘመ ግን ይኼው እንደ ጥሩ አሠራር ተቆጠረ።

ልጆቹ ሁሉ ነጭ ርግብ ሣሉ። ርግቦቹ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ ሁሉም ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ካለው ፖስተር ነው የተቀዱት። አንዷ በአፏ የያዘችውን ቅጠል አስተውዬ ሳየው ጫት መሰለኝ።

ነጃት አንቺን ሣለች።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስትጭር ስትደልዝ ቆየችና ቀና ሳትል፣ «አባ፣ የእማ ፊት እየጠፋብኝ ነው» አለችኝ። ፎቶ ላሳያት ብል ምን አለ? ካሜራ ባየሽ ቁጥር ጀርባሽን ስትሰጪ ኖረሽ፣ ያለን ያው የመታወቂያሽ ነው። እሱ ላይ ያለችው ሴትዮ ማን እንደሆነች እኔም አላውቅም። እና ልጅቷ ጨርሰሽ ሳትጠፊባት ልትይዝሽ ፈለገች። ነገሩ ይኼው ነው፤ ውድድሩ ሰበብ ሆነላት።

የሣለችሽ ሰንበቴ ገበያ፣ ግመሎቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ነው። ሽርጡን ክንድሽ ላይ ወጥረሽ፣ ዋጋ የሚያወርድብሽን ሰው ታይዋለሽ። እሱ በጀርባው ነው ያለው። ቀኝ ቅንድብሽ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ከንፈርሽ ተጨምቆ ወደ ግራ ሄዷል። መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ መልሼ አደረግኩት። ያው አንቺ ነሽ። ልጅሽ ጠፋብኝ ያለችው ፊት፣ ምንም አልጠፋባትም።

ሁሴን ወሬው ደረሰው። ዱሮ ደረሳ፣ የቁርኣን ተማሪ ሆኖ የቀራትን ትንሽ ትምህርት ዛሬ የባጃጅ ዕቃ መሸጫው ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሰው ሁሉ እንደሚያድል ታውቂያለሽ። መጣ። ሥዕሉን ላለማየት ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ድረስ አወረደና ሳሎኑን ሲያቋርጥ በርጩማውን በእግሩ መታው። «ሶዳ» አለኝ፣ አማችነታችን ትዝ የሚለው ሊቆጣኝ ሲል ነው፤ «ሶዳ፣ ነፍስ ያለው ነገር አይሣልም። ከሣለችም አንገቷ ላይ መስመር ታስምርበት። በሕይወት እንደሌለች ይታወቅ።»

«በሕይወት እንደሌለችማ እናውቃለን፣ ሁሴን» አልኩት።

«እሱማ… እሱማ ነው» ብሎ ወጣ።

ነጃት መስመር አላሰመረችም። ሻሽ አንገትሽ ላይ ጠመጠመችበት። ለሁሴን ስልክ ደውዬ አንገቱ ተሸፍኗል ስለው፣ «እንግዲያው ነገሩ ይለያል» አለኝ። ይለያል ማለት ይፈቀዳል ማለት ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ደንበኛ መጣብኝ ብሎ ዘጋው።

ቀጥሎ ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢው ከግብርና ወደ ባህል በዝውውር የመጣ ሰው ነው፤ ትሑት፣ ጨዋ፣ ሥዕልን እንደ ሰብል የሚያይ። ነጃትን አስጠራ፤ እኔም ወላጅ ነኝ ብዬ ተከትዬ ገባሁ። ሥዕልሽን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አየው።

«በጣም ጥሩ ነው። ግን ይቺ እናት ለምን ተቆጣች? ተስፋው የቱ ጋ ነው?»

«ሽርጡን በግማሽ ዋጋ ስለጠየቃት ነው» አለች ነጃት።

«እሱ ይሁን። ትንሽ ፈገግ ትበል። አንድ ርግብም ጣል ብታደርጊባት።»

«ሰንበቴ ርግብ የለም። ግመል ነው ያለው።»

«ግመልም ይቻላል፣ ፈገግ ካለ» አለ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ላስረዳው ሞከርኩ። ይቺ ሴት አልተቆጣችም፣ እያዳመጠች ነው፤ ዋጋ ሲወርድባት ይሄ ፊት ይመጣል፤ ጨርቁን ከቆረጠች በኋላ ደግሞ ያው ፊቷ ሳይፈታ አንድ ስንዝር ምራቂ ትጨምርለታለች፤ ተስፋ ከተባለ ያ ስንዝር ነው አልኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። «ምራቂው ግን ሥዕሉ ላይ አይታይም» አለ። ዘሀራዬ፣ ልክ ነው እኮ! ከሁሉ ያናደደኝ ልክ መሆኑ ነው። ፈገግ ካለች ዞኑን ወክላ ትሄዳለች፣ ሐሙስ አምጡ ብሎ አሰናበተን።

በመንገድ ላይ ለነጃት ነገርኳት፤ የከንፈሩን ጫፍ ወደ ላይ ሳብ ማድረግ ነው፣ ምን አለበት፣ ባሕር ዳር ግቢ እንጂ። አልመለሰችልኝም። ቤት ስንደርስ ግን ብሩሹን ይዛ ፊትሽ ፊት ተቀመጠች። ልትሞክር ነበር። ክረምቱን በጣም ፈልጋዋለች፣ ደብቃኝ እንጂ ሻንጣ ሁሉ ከጎረቤት ተውሳለች።

«አባ፣ እማ ስትስቅ አፏ እንዴት ነበር?»

እኔ መልስ የማላጣ ሰው ነኝ፤ ለተማሪ የማላውቀውን ሳይቀር አብራርቼ ነው የኖርኩት። ይህን ግን አላውቀውም። አንቺ ስትስቂ የሻሽሽን ጫፍ አፍሽ ላይ አድርገሽ ወደ ግድግዳው ትዞሪያለሽ። ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ዓይንሽ እንባ ሲያቀርር አይቻለሁ። አፍሽን አላየሁም። ይሄን ያህል ዘመን አብረን ኖረን፣ ያን ሁሉ አስቂኝ ነገር ተናግሬ፣ ምናለ አንድ ቀን እጅሽን ብታነሺው? ማን ይወስድብሽ ነበር? ወላሂ ያን ቀን ከኮሚቴው ይበልጥ በአንቺ ተናደድኩ።

ለነጃት እውነቱን ነገርኳት። «እንግዲያው ከየት ላምጣው? ከጎረቤት ልዋስ?» አለችና ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነከረችው። አላለቀሰችም። «የሌላ ሰው ሳቅ እማ ፊት ላይ አላደርግም።» አለቀ። ሐሙስ ዕለት ያው ከንፈርሽ ወደ ግራ እንደተጨመቀ ገባሽ።

ዐውደ ርዕዩ ከተማው አዳራሽ ውስጥ ሆነ። አንደኛ የወጣው ርግቡን ትራክተር ላይ ያስቀመጠው ልጅ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ እጁም መጥፎ አይደለም፤ አልቀየምኩትም፣ ርግቧን ግን ተቀይሜያታለሁ። ለነጃት የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ሰጧት። ተቀብላ አመሰገነች፤ ቤት ገብታ ሻንጣውን ለጎረቤት መለሰች፤ ምሳ አልበላችም። ለእንደዚህ ያለው ቀን የሚሆን ቃል አንቺ ነበረሽ። እኔ «አብሽሪ» አልኳት። «እሺ» አለችኝ፣ እኔን ለማጽናናት።

ሥዕሎቹ ተሰቅለው ሰነበቱ። ከጨፋ ሮቢት እህል ይዘው የመጡ ሴቶች ሳይቀሩ ዘሀራን አዳራሽ አየናት እያሉ ሲያወሩ ሁሴን ሰማ። ዐሱር ከሰገደ በኋላ መጣ። እኔና ነጃት እዚያው ነበርን። መሬት መሬቱን እያየ፣ በሰው እግር እየተመራ ደረሰና አጠገቤ ቆመ። «የቱ ጋ ናት?» አለኝ። አገጬን ወደ ግድግዳው አደረግኩ።

ቀና አለ።

የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ። ጉንጩ ውስጥ የነበረውን ጫት ዋጠ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ እናንተ እህትና ወንድም ስትጣሉ በምትነጋገሩበት ኦሮምኛ፣ «አኒ ማል ጎዴ?» አለሽ። እኔ ምን አደረግኩ? አለሽ፣ ዘሀራ! የሁለት ልጆች አያት፣ አንድ ወረቀት ፊት ቆሞ። ደግሞ መልስ ጠበቀ። አንዲት ተማሪ ሳቀች፣ ሌላዋ በክርኗ ጎሰመቻት።

ሁሴን ዓይኑን በኮፍያው ጠረገና ወደ ነጃት ዞረ። «ይሄን ሻሽ ከአንገቷ ላይ አንሺላት» አላት። «እናትሽ ሙቀት አትወድም።»

ሥዕሉ አሁን እቤት ነው። ነጃት የአንገትሽን ቀለም እያዋሐደች ነው፤ የክረምቱን ነገር አታነሳውም፣ እኔም አላነሳባትም። ሁሴን ሰላት የምንሰግድበት ክፍል ውስጥ ብቻ አትስቀሏት ብሏል፤ የት እንደምንሰቅልሽ ለማየት ግን በየቀኑ ይመጣል።

ለቅሶ ላይ የመጣ ሰው ሁሉ ፈገግታ የማይለያት ሴት ነበረች ሲል ዝም ብዬ ሰምቻለሁ፤ ለቅሶ ላይ ሰው አይታረምም። እኔ ግን ቃል የምገባልሽ ይህን ነው፤ ሳላሳምርሽ አስታውስሻለሁ። ቅንድብሽ ተሰቅሎ፣ ከንፈርሽ ወደ ግራ ሄዶ፣ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ። ያላየሁትን አፍሽን ደግሞ አላህ በጀነት ያገናኘንና እዚያ አየዋለሁ። እዚያም ግድግዳ ካለ ግን እንጣላለን።

ምንጊዜም የምታዳምጪው ባልሽ