የአባባ ጽጌረዳ

ይድረስ ለማከብርሽ ለእትዬ፤ ከነቤተሰብሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

የላክሽው አሮጌ የብር ጭልፋ በሰላም ደርሷል። አባባ ደስታቸውን አልቻሉትም። ድሮ አዲስ የብር ማንኪያ ወይም ሹካ ሲያገኙ መስኮት ጋ ወስደው፣ ጀርባው ላይ ያለውን ማህተም በአጉሊ መነጽር ነበር የሚመረምሩት። አሁን የእጀታውን ጌጥ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ነው የሚለዩት።

«ጽጌረዳ ነው፤ ከማንኪያዎቼ ጋር አንድ ዘር» አሉኝ።

እጀታው ላይ ያለው የወይን ዘለላ ነው። «ያምራል አባባ» አልኳቸው።

ልጆቼን አሁንም በመኪናቸው ትምህርት ቤት የሚያደርሷቸው እሳቸው ናቸው። ትናንት እኔም አብሬ ተሳፈርኩ። የትራፊክ መብራቱ ጋ ስንደርስ ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ፣ «ምን በርቷል ልጄ?» አሉኝ።

«ቀይ! ቀይ ነው አባባ!»

መኪናውን ቀጥ አደረጉና፣ «ልፈትንሽ ብዬ እኮ ነው» ብለው ሳቁ። ልጆቹም ከኋላ ተከትለው ሳቁ።

ዛሬ ጠዋት የመኪናውን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ልጆቹን በእግር ወሰድኳቸው። ስመለስ አባባ መሳቢያውን ሁሉ ከፍተው በእጃቸው እየዳበሱ ይፈልጉ ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ። ቀና ብለው ፊት ለፊት አዩኝና፣ «ማነው?» አሉኝ።

እትዬ፣ የአንቺን ቃል አይጥሉምና ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ደውይላቸው። እስከዚያ ቁልፉ እኔው ጋ ይቆያል።

በደህና ያገናኘን።
ታናሽ እህትሽ