አንገቴ የሰጠው ቃል

ኅዳር 4

ዛሬም ዝናብ። ክፍል ውስጥ ስለ ባቡር ጣቢያ ተማርን። እንደገና። ከዚህ አገር ባቡር ጋር መግባባቴ አይቀርም፤ የሚያስቸግሩኝ ሰዎቹ ናቸው።

መንግሥት እዚህ የላከን “ለአገር ወሳኝ የሆነ ቋንቋ” እንድንማር ነው። ሙሉ ወጪ ተችሎን፣ እያንዳንዳችን በአንድ ቤተሰብ ቤት። ስንመጣ ቃል አስገብተውናል፦ እስክንመለስ እርስ በርስ በገዛ ቋንቋችን ላናወራ። መጻፍን አላነሱም። ስለዚህ እጽፋለሁ።

እራት እንደ ወትሮው። የቤቱ እመቤት ልብስ ሰፊ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናቸው ጋር ዝም ብለው ይውሉና ሾርባው ሲቀርብ ይከፈታሉ። በፍጥነት፣ በለሆሳስ፣ ዓይናቸውን ሳህኑ ላይ ተክለው። የምይዘው “ያኔ” እና “ግን” የሚሉትን ነው። በ“ያኔ” እና በ“ግን” ብቻ ታሪክ አይቆም... ቢሆንም ራሴን እነቀንቃለሁ። እንደ እንሽላሊት። አንዳንዴ በረጅሙ እተነፍሳለሁ፤ ትንፋሽ በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው።

አባታቸው፣ ሽማግሌው፣ ከመስኮቱ ሥር ሆነው ያዩኛል። ጆሯቸው ከተዘጋ ቆይቷል። ሁለታችንም ጥሩ አድማጮች ነን።

ኅዳር 9

እናቴ ደወለች።

“እስቲ በነሱ አፍ አንዴ ተናገርልኝ። ጎረቤቶች እዚህ አሉ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ።”

ምን ልበል? “ባቡሩ ከሁለተኛው መስመር ይነሳል” አልኩ። በዚያ ማዶ ጭብጨባ።

“ምን ማለት ነው ልጄ?”

“ናፍቃችሁኛል ማለት ነው።”

እናቴ አለቀሰች። እናቱን በባቡር ፕሮግራም ያስለቀሰ ሌላ ልጅ ይኖር ይሆን?

ኅዳር 14

አስተባባሪያችን በሰው ፊት አመሰገኑኝ። የቤቱ እመቤት “እንዲህ ያለ አድማጭ ቤቴ ገብቶ አያውቅም” ብለዋቸዋል። “እናንተም ከእሱ ተማሩ!” አሉ ለክፍሉ። ጓደኛዬ ጎሸም አደረገኝ። “ግስ” ነው የምንለው፤ አንዱን ግስ በሁሉም ጊዜ ሳያረባ ዳቦ እንኳ አይገዛም።

“አንተ ሰውዬ፣ በምንህ ነው የምታዳምጠው?”

“በአንገቴ።”

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያኔ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር...

ኅዳር 17

እራት ላይ እመቤቲቱ ወደ አባታቸው ጠቆሙ፣ ወደ በሩ ጠቆሙ፣ ረጅም ነገር ተናገሩ። ቀስ ብለው። ዛሬ ሳህኑን ሳይሆን ዓይኔን ነበር የሚያዩት። መጨረሻ ላይ ድምፃቸው ከፍ አለ። ጥያቄ ነው! ጥያቄ መሆኑን ማወቄ ራሱ አኮራኝ።

“ያለ ምንም ችግር፣ በደስታ” አልኩ።

ይህችን አባባል እንከን በሌለው አነጋገር ነው የምላት። እጄን ጨበጡኝ፣ በሁለት እጃቸው። ምን ይሆን እንዲህ ያስደሰታቸው?

ኅዳር 19

ቅዳሜ። ፀሐይ ወጣች። ጠዋት ስነሳ እመቤቲቱ የሉም፤ ገበያ ሄደው ይሆናል። ሽማግሌው ተኝተዋል። እንዳልቀሰቅሳቸው በሩን በቀስታ ዘግቼ ወጣሁ። ጨዋ ነኝ እኮ። ከግስ ጋር ሐይቁ ዳር ዋልን፤ በራሳችን ቋንቋ እስኪበቃን ለፈለፍን።

ኅዳር 20

እንዴት ይጻፋል?

ትናንት ስመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፖሊስ ኮሪደሩ ላይ። ሽማግሌው ልጃቸውን ፍለጋ ወጥተው፣ በቤት ጫማ፣ ከሰዓት በኋላ በጣለው ዝናብ ሲንገላቱ አውቶቡስ መናኸሪያ ተገኙ። ልጃቸው ደግሞ የሙሽራ ቀሚስ ለመለካት ሌላ ከተማ ሄደዋል። አባታቸውን ለእኔ አደራ ሰጥተው።

አደራ። ሐሙስ የጠየቁኝ ይህን ነበር። “በደስታ” ያልኩት ለዚህ።

ሐኪሙ መጥቶ የሽማግሌውን ደረት ደጋግሞ አዳመጠ። እሱ የምር ያዳምጣል።

እመቤቲቱ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ሾርባዬን ግን ከድነው አስቀምጠውልኛል። የባሰው እሱ ነው።

ኅዳር 21

አስተባባሪያችን ቢሮ አስጠሩኝ። በገዛ ቋንቋችን አናገሩኝ፤ የነገሩ ክብደት ያኔ ገባኝ።

“ቃል ገብተህላቸው ነበር አሉ።”

“አዎ።”

“ታዲያስ?”

“አልገባኝም ነበር” ብል፣ እስከዛሬ አንገት ብቻ እንደነበርኩ ይታወቃል፤ የትምህርት ዕድሉም ይሄዳል። “ረሳሁት” ብል ደግሞ ሽማግሌ ጥሎ የሚሄድ ሰው እሆናለሁ።

“ረሳሁት” አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔን አላመለጠኝም። መርጬ ነው።

“እኔ እንኳ ከአንተ አልጠበቅኩም ነበር፣ ልጄ።” በማስጠንቀቂያ ታለፍኩ። ሰነፍ ከመባል ክፉ መባልን መርጬ ወጣሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ወደ ታች ባይ፣ አዲስ አስፋልት።

ኅዳር 23

ሽማግሌው ያስላሉ። እራት በዝምታ። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው እዚህ ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጠም።

ኅዳር 24

ነገርኳቸው። ስፌት መኪናው አጠገብ ቆሜ።

“ሐሙስ... አልገባኝም። ሌላም ቀን አልገባኝም። ሁልጊዜ። ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። አፈርኩ።”

ግስ ቢሰማኝ ራሱን ይስት ነበር። መኪናውን አቆሙ። ለሕፃን እንደሚናገር ሰው ቀስ ብለው፦

“የማታ የማታውን? እሱንማ አውቃለሁ።”

“ያውቃሉ?”

“ስለ ሞት ሳወራ ፈገግ ትል ነበር እኮ! ስለማይገባህ ነው ያወራሁልህ። ለማን ልንገር? አባቴ አይሰማ፤ ጎረቤት ሰምቶ ያወራብኛል።” ክሩን በጣታቸው ጠቀለሉ፣ ፈቱ። “ሐሙስ ግን ቀስ ብዬ ጠየቅኩህ። አይገባውም ብዬ ሰጋሁ። አንተ ግን መለስክ። እንዲያ አሳምረህ! ‘አልገባኝም’ ብትለኝ ቀጠሮውን እተወው ነበር።”

መኪናው እንደገና መንጫጫት ጀመረ። አንዱንም ቃል አላስደገምኳቸውም፤ ሁሉም ገብቶኛል። ለመግባቱ ደግሞ ቀን መረጠ...

ኅዳር 25

አስተባባሪያችን ዘንድ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ። ወደ ጀማሪዎች ክፍል ወረድኩ። እዚህ መቆየቴ በፈተና ይወሰናል። ግስ “ወረድኩ፣ ወረድክ፣ ወረደ” እያለ ሸኘኝ።

ለእናቴ ስለ ባቡሩ ገና አልነገርኳትም። አንድ በአንድ።

ታኅሣሥ 10

ሽማግሌው ከአልጋ ተነሱ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው እውላለሁ። ዛሬ ከመስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠን መንገዱን ስናይ ዋልን። እንዳልጠፋባቸው ይሁን ራሳቸው እንዳይጠፉ፣ እጅጌዬን ይዘውኝ ነበር።

ታኅሣሥ 17

አንድ ነገር አስተዋልኩ። እየገባኝ ሲሄድ እመቤቲቱ ዝም አሉ። እራት ላይ ስለ ክርና ስለ አዝራር ብቻ። የሚያወሩለት ግድግዳ ነበራቸው፤ እሱንም ጆሮ አብቅዬ ነሳኋቸው።

ታኅሣሥ 29

ፈተናውን አለፍኩ፣ ለጥቂት። ለእናቴ ደወልኩና በነሱ አፍ “ናፍቃችሁኛል” አልኳት። የምሩን። “የበፊቱ ይረዝም ነበር” አለች። ነገርኳት። እሷም፦ “ያለቀስኩበትን እንግዲህ አልመልሰው።”

እራት ላይ እመቤቲቱ “ያኔ...” ብለው ጀመሩ። ትንሽ ሄደው ቆሙ። ቀና ብለው አዩኝ።

“ገባህ?”

አንገቴ ሊነሳ ሲል ያዝኩት።

“ግማሹ።”

“የትኛው ግማሽ?”

“ልጅ ነበረችዎት።”

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ተነስተው የሚሄዱ መሰለኝ።

“የቀረው ይከብዳል” አሉ።

“ቀስ ብለው ይንገሩኝ።”

ጀመሩ። በየመሀሉ አቆምኳቸው፦ አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ። ያንኑ ክፉ ነገር ደግመው ማለት ነበረባቸው። አንዷን ቃል ሁለቴ አሉልኝ፣ አልያዝኳትም። በሦስተኛው በእጃቸው ጭምር አሳዩኝ... ውሃ። ገባኝ።

ሾርባው ቀዘቀዘ። አንገቴ አልተነቃነቀም።