የናኢማ ሰሌዳ ከቡፌ ይውጣ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። እኔ መስዑድ አሊ፣ በባሕር ዳር ከተማ የጣና ዳር ነዋሪ፣ በሙያዬ ጀልባ ሠሪ፣ ዛሬ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ማንም ሳያስገድደኝ፣ አእምሮዬም ሳይናወጥ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ቃሌን እሰጣለሁ። ሐኪሙ ልብዎ ከልክ በላይ ሰፍቷል አለኝ። በጀልባ ዋጋ የተከራከሩኝ ሰዎች ይህን ቢሰሙ አያምኑም። ሕመሜ ከደረቴ እንጂ ከራሴ አለመሆኑን ሼህ ዘይኑ መርምረዋል፤ “ስንት ልጅ አለህ?” ቢሉኝ “አንድ፣ እሱም በቅቶኛል” ብያለሁ።

አንደኛ። ሸሪዓው ከሀብቴ ሲሶውን እንደ ፈቃዴ እንድናዘዝ ይፈቅድልኛል፤ የቀረው የብቸኛ ልጄ የአሕመድ ነው። ስለዚህ ቤቱ፣ የመሥሪያ ግቢው፣ መጋዙና መላጊያው ለአሕመድ ይሁን። መጋዙን ለሰው አያውስ። ጎረቤቴ ሕዝቅኤል እዚሁ ምስክር ሆኖ ስለ ተቀመጠ ይህን በጆሮው ይስማ።

ሁለተኛ። ሲሶውን፣ ማለትም ሞተር ያላትን ትልቋን ጀልባ፣ ለአሕመድ ልጅ ለናኢማ ተናዝዣለሁ። አባቷ በሕይወት እያለ ናኢማ እኔን አትወርስምና በኑዛዜ ካልሰጠኋት ምንም አይደርሳትም።

ናኢማ ሰባት ዓመቷ ነው። ጆሮዋ ይሰማል፣ ነገር ይገባታል፣ ከአፏ ግን ቃል አይወጣም። የምትናገረው ሥዕልና ቃል በተደረደረበት ሰሌዳ ላይ በጣቷ እያመለከተች ነው። ሰሌዳውን ያመጣችልን መምህርቷ ብሥራት ናት። ስትሰጠንም እንዲህ ብላ አስጠነቀቀችን፦ “የምታመለክተው ልጅቱ ብቻ አይደለችም። እናንተም ስታናግሯት እያመለከታችሁ አናግሯት። ሲነገር ያላየችውን ቋንቋ እንዴት ትናገረው?”

ቤተሰቤ ምን አደረገ? ምራቴ መሪማ ሰሌዳው እንዳይቆሽሽ በላስቲክ ጠቅልላ ከሠርግ ብርጭቆዎቿ ጋር ቡፌ ውስጥ ቆለፈችው። እንግዳ ሲመጣ ይወጣል። “ናኢማ፣ ውሃ የቱ ነው? እስቲ አሳዪያቸው” ትባላለች። ታሳያለች። እንግዳው “ማሻአላህ” ይላል፤ ሰሌዳው ተመልሶ ይቆለፋል። ይህ ፈተና እንጂ ወግ አይደለም። ውሃውንም እኮ አይሰጧትም።

መሪማ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ጥፋቷ ፍቅሯ ነው። ልጅቱ ገና ጣቷን ሳታነሣ “ርቧታል፣ በርዷታል፣ እንቅልፏ መጥቷል” ብላ ትጨርስላታለች። አሕመድ ግን ይብሳል። ሰሌዳውን አንድ ቀን እንኳ ነክቶት አያውቅም። “በሥዕል ካስለመድናት አፏ ይሰንፋል” ይላል። እኔ ምርኩዝ የያዝሁት ለመሄድ ነው፤ እግሬን ለማስነፍ አይደለም። እንዲያውም ሰሌዳውን ከያዘች ወዲህ ከአፏ “ባ” የሚል ድምፅ መውጣት ጀምሯል፤ እኔን መጥራቷ ነው።

ሦስተኛ። ስለ ብልግናው ጉዳይ። ሰሌዳው ሲመጣ ፖምና የበረዶ ሰው ነበረበት። ባሕር ዳር ላይ የበረዶ ሰው ምን ይሠራል? ቀረሶና አምባዛ ግን አልነበሩበትም። ብሥራት ፈቅዳልኝ በትርፉ ቦታ ላይ ዓሣዎቹንና ጉማሬን ሣልሁ፤ ቀጥዬም “አልፈልግም”ን፣ “ውሸት ነው”ን እና “ዝም በሉ”ን ጨመርሁ። አሕመድ “ልጄን ባለጌ አደረጓት እኮ፣ አባባ” አለኝ። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታው ምን ዋጋ አለው? “ዝም አይነቅዝም” ብሎ የተረተውም፣ አምላክ ይማረው፣ የፈለገውን ሁሉ መናገር የሚችል ሰው ነበር።

አራተኛ። የጀልባዋን ኪራይ አሕመድ እያስተዳደረ ለናኢማ ያውለው። ሰሌዳው ተመልሶ ቡፌ የገባ ቀን ግን አስተዳደሩ ወደ መምህርት ብሥራት ይለፍ። ልጅቱን ስትጠይቋት አፋችሁን ያዙና መልሷን ጠብቁ። ስታናግሯት ጣታችሁ አብሮ ይናገር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጣት ወለምታ ግን ይታሻልና ስሕተት አትፍሩ። እኔ ትናንት ሰሌዳውን በድብቅ ከቡፌው አውጥቼ ሻይ አምጪልኝ ልል ጉማሬ አምጪልኝ ብያት ሆዷን ይዛ ስትስቅ ዋለች። ሞቴን አልፈራም። የምፈራው ይህች ልጅ ሰው በሞላበት ቤት የምታወራው ሰው እንዳታጣ ነው።

አምስተኛ። ናኢማ ራሷ ትጠየቅ ብዬ አዘዝሁ። ሼህ ዘይኑ “ሕፃን ትጠየቅ የሚል ሥርዓት የለም” አሉ። “የሚከለክልም የለም” አልኋቸው። ሰሌዳው ምስክሮቹ እንግዶች ስለሆኑ ወጥቶ ነበርና ጸሐፊያችን ባምላክ እያመለከተ “ናኢማ፣ የአባባን ጀልባ ትፈልጊያለሽ?” ብሎ ጠየቃት።

“አዎ፣ ትፈልጋለች” አለች መሪማ።

“ያንቺ ስም ናኢማ ነው?” አልኋት። ዝም አልን። ሕዝቅኤል እንኳ ዝም አለ።

ናኢማ ጣቷን አነሣችና “አልፈልግም” አለች።

ባምላክ ብዕሩን አንሥቶ “ሁለተኛው ይሰረዝ?” አለኝ። “ቆይ፣ አልጨረሰችም” አልሁት። ቀጠለች፦ “አባባ። ጀልባ። አሁን።”

ከሞትሁ በኋላ የማወርሳትን ጀልባ አልፈለገችውም። የፈለገችው ዛሬ ከእኔ ጋር መሄድ ነው። ሼህ ዘይኑ በጥምጥማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጉንፋን ነው ብለዋልና እንደዚያው ይጻፍ።

አሕመድ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። መጥቶ ልጁ ፊት ተንበረከከ። ሰሌዳው ላይ ብዙ ፈልጎ ጣቱን “እኔ” ላይ አሳረፈ፤ ቀጥሎም “ጀልባ” ላይ። ናኢማ አባቷን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ሰሌዳው ላይ “ና” አለችው።

ስለዚህ ሁለተኛው እንደ ጸና ይቆይ። ሌላም የምለው ነበረኝ፤ ነገር ግን ሐይቁ ንፋስ ሳይነሣበት መሄድ ስላለብን ቃሌን እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ተናዛዥ፦ መስዑድ አሊ (ፊርማ)

ምስክሮች፦ ሼህ ዘይኑ ሙሐመድ (ፊርማ)፣ ሕዝቅኤል አዘዘ (ፊርማ፤ ስለ መጋዙ ቅሬታ አለኝ)፣ ገብረ ሕይወት ቢያዝን (ፊርማ)፣ ባምላክ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ጸሐፊም ምስክርም (ፊርማ)

ወራሽ፦ አሕመድ መስዑድ። ሳይፈርም ወጥቷል፤ ሞተሩን እያስነሣ ነው።