ቢር ፈድል ላይ ያቋረጥከው ጉድጓድ

ሰይዴ፣ የቤቴ ምሰሶ፣ አላህ ይዘንልህ።

ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሆነ። ሰፈራችን ተዋሂ ያው ነው፤ መብራቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ልጅህ ሩቅያ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ እናትህን ትመስላለች። ወንድምህ ጀማል ከግራ እጁ ሁለት ጣት አጥቷል። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ ከእኔ በቀር ማንም በትክክል አይነግርህም።

የውሃ ጉድጓድ መቆፈሪያ መኪናውን የገዛን ሰሞን ሥራ ፍለጋ የሼህ ዑስማንን ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ስታስስ ትዝ ይለኛል። ሁሉም የሚጠይቅህ አንድ ነገር ነበር፦ «ከዚህ በፊት ለማን ቆፍረሃል?» ለማንም። ቤት ስትገባ «የመጀመሪያውን የሚሰጠን አንድ እብድ ነው የሚያስፈልገን» ትለኝ ነበር። እብዱ የቢር ፈድሉ ገበሬ ሐጂ ሳሊሕ ሆኑ። «ለማንም ካልቆፈርክ ለእኔ ቆፍር» አሉህ። ያን ቀን በደስታ ተሸክመኸኝ ቤቱን ዞርክ።

በአራተኛው ቀን፣ በቦቴ ውሃ የሚሸጠው ሰውዬ የላካቸው ታጣቂዎች መጡ። ጉድጓድ ከወጣ ገበያው ይሞትበታላ። አቁም አሉህ። «ይቺን ቧንቧ ላስገባና እንነጋገር» ልትላቸው ስትጀምር ተኮሱብህ። ጀማል እንደነገረኝ ቃልህን እንኳ አልጨረስክም።

የሐዘን ዒዳዬን፣ አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ቤት ተቀመጥኩ። ስወጣ ጀማል መኪናውን እንሽጠው አለኝ። ሐጂ ሳሊሕም መጥተው «ጉድጓዱ አፉን እንደከፈተ ነው፤ ሌላ ሙቃዊል ላምጣ ወይ?» ሲሉ፣ ሌላ ኮንትራክተር ደምህ ላይ ቆሞ ሲቆፍር ታየኝ። «ወላሂ እኛው እንጨርሰዋለን» አልኩ። ጀማል ተቆጣ፤ ግን ብቻዬን አልላከኝም።

በሥራው በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ፒክአፕ መጣች። ሦስት ነበሩ። አንዱ ጀማልን በሰደፍ ጥሎ እጁን ቧንቧ ላይ አድርጎ ቀጠቀጠው። ጀማል «ይሄ ነው! ሰይድን የገደለው ይሄ ነው!» እያለ ጮኸ። ሰውዬው ክላሹን አንግቶ የመኪናችንን የዘይት ቱቦ ሊቆርጥ ጎንበስ አለ። ሴት ናት ብሎ ከቁጥር አላስገባኝም። የቧንቧ መፍቻውን በሁለት እጄ አንስቼ ጉልበቱን መታሁት። ሲሰበር ሰማሁት። ሲወድቅ ክንዱን ደገምኩት። ለሦስተኛ ጊዜ መፍቻውን ወደ ጭንቅላቱ አነሳሁ።

የሐጂ ሳሊሕ ልጆች ከእርሻው እየተኮሱ ደረሱ፤ ሁለቱ ጓደኞቹ ጥለውት ሸሹ። ሐጂ ሳሊሕ እጄን ያዙና «ልጄ፣ ከገደልሽው ነገ ወንድሞቹ ይመጣሉ፤ ጉድጓዱም ይቀራል» አሉኝ። መፍቻውን ሳልመታው አወረድኩት። አዝኜለት እንዳይመስልህ፤ ጉድጓዱን ስለፈለግኩት ነው። ለፖሊስ ተሰጥቶ አሁን እስር ቤት ነው፤ ያነክሳል አሉ።

ጀማልን ሐኪም ቤት ልከን ከሠራተኞቻችን ጋር ቀጠልን። ከሁለት ቀን በኋላ መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ውሃ ወጣ። ሐጂ ሳሊሕ ጠጥተው አለቀሱ። ጸቡን ሰምተው የመጡ ጎረቤቶች ውሃውንም አዩና መኪናውን ሳናነሳ ሁለቱ ቀጠሩን። አንደኛው ግን «በመፍቻ የመታችው ሴት ከመጣች ብቻ» አለ። ሥራችንን ወደው ይሁን ጭካኔዬን፣ እንጃ። አንዳንዴ የሩቅያን ጠጉር ሳበጥር የዚያ ጉልበት ድምፅ ይሰማኛል። ይሄንንም ላንተ ካልሆነ ለማንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ ብሬቃ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር አዲስ ጉድጓድ እንጀምራለን። ሩቅያን ይዣት እሄዳለሁ። ሰው መምታቴን ከጎረቤት ከምትሰማ እኔው እነግራታለሁ። አስቀድሜ ግን ያንተን ነው የማወራላት፦ ሰው ሲሰድብህ ጆሮህ ይቀላ እንደነበር፣ መልስ ግን እንደማትሰጥ፤ ስትዘፍን ድምፅህ እንደማያምር፣ ደግሞም እንደማትተው። እኔን ሰዉ በፈለገው ያስታውሰኝ። አባቷን ግን የተገደለ ሰው ብቻ አድርጋ እንድታውቀው አልፈቅድም። በወዲያኛው ዓለም እስክንገናኝ ቃሌ ይሄ ነው።

ዘይነብህ