ሦስተኛ ስም ለኻያ

ማርሴይ፣ ሰኞ ኦገስት 31 ቀን 1942

ለምወድህ ወንድሜ ለሌይዘር፣

ይህን ደብዳቤ ቆመህ አታንብበው። አውቅሃለሁ፤ ፖስታው ላይ የእጄን ጽሑፍ ስታይ ገና ደረጃውን እየወጣህ ነው የምትቀደው። በሞቴ፣ መጀመሪያ ቤትህ ግባ፣ ኮትህን አውልቅ፣ ቁጭ በል። እኔ ግን ለመቀመጥም ፋታ የለኝም፤ ማድሞዜል ኦዲል ከመምሸቱ በፊት መጥታ ትወስደዋለች። ከእርዳታ ድርጅቱ እየመጣች ለልጆቹ ወተት የምታድለን ፈረንሳዊት መሆኗን ባለፈው ጽፌልህ ነበር።

እኔና ልጄ እስከ ዛሬ ድረስ ደህና ነን። ፋይቪሽ፣ አንተው አምጥተህ የዳርከኝ ፋይቪሽ፣ ከከተማ ውጭ ባለው የጡብ ፋብሪካ ከሌሎቹ ወንዶች ጋር እንደታሰረ ነው። አልማዝ ሲሞርድ የኖረ ሰው ዛሬ ፀጉሩ ውስጥ የጡብ አቧራ ሞልቷል ብሎ ጽፎልኛል። እኛ ሴቶቹና ልጆቹ አሁንም ሆቴሉ ውስጥ ነን። ሆቴል ስልህ በሩ ላይ ፖሊስ የሚቆምበት፣ ለአስራ አንድ ሰው ሦስት አልጋ ያለበት፣ ጠዋትና ማታ ጨው ያልነካው ሾርባ የሚታደልበት ሆቴል ነው። በዚህ ላይ ከስቻለሁ ብዬ አላማርርህም፤ ሳንሰደድ አንትወርፕ እያለን ወፈርሽ እያልክ ታሾፍብኝ የለ፣ ይኸው ደስ ይበልህ።

በጁን ደብዳቤዬ አንተ ጋ አሜሪካ የሚያስገባንን የዋስትና ወረቀት በልጅቷ የፓስፖርት ስም አስተካክለህ እንድትልክ ለምኜህ ነበር። እሱን ለጊዜው ተወው። አሁን የምለምንህ ሌላ ነገር ነው፤ ዳኛም ማኅተምም አይፈልግም። የሚፈልገው አስር ወንዶች ብቻ ነው። በፊትም የሰበሰብክልኝ አንተው ነህ። ግን ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ አለዚያ ብሬንድል አበደች ትላለህ።

ያንን ክረምት አትረሳውም። ልጄ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ጉሮሮዋ ተዘግቶ እንደ ፉጨት ትተነፍስ ነበር። ሐኪሙ ቦርሳውን ዘግቶ፣ ዓይኔን ሳያይ ወጣ። አንተ በዚያ በረዶ ጫማህን እንኳ ሳታስር ሮጠህ ምኩራብ ገባህና ለጸሎት አስር ወንዶች አስነሳህልኝ። ረቢው ኦሪቱን አውጥተው ስሟን ለወጡት። የተሰየመችበትን የእናታችንን ስም ሽረው ኻያ አሏት፤ ሕይወት ማለት ነው። መልአከ ሞት መዝገቡን ይዞ መጥቶ ያንን ስም ሲጣራ አቤት የሚለው እንዳያገኝ፣ እንዲህ የምትባል ልጅ እዚህ የለችም ተብሎ እንዲመለስ ነው። በማግስቱ ውሃ ጠጣች። ረቢው ሲወጡ ያሉንንም ታስታውሳለህ፤ ያንን ስም ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ማንም እንዳይጠራው፣ በቁጣም ቢሆን፣ በጨዋታም ቢሆን።

ማንም አልጠራውም። የእናታችንን የሙት ዓመት ሻማ ስናበራ እንኳ ፋይቪሽ አማቴ ብሎ ነው የሚያልፈው። ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ኻያ ሌላ ስም እንደነበራት አታውቅም ነበር።

በጁን ደብዳቤዬ ክፉኛ ወቅሼሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። በቃለ መሐላ በሰጠኸው ወረቀት ላይ ኻያ ዝሎትኒክ ብለህ ጽፈሃል። ምን ታድርግ፣ እኔም በላኩልህ ዝርዝር ላይ ኻያ ነው ያልኩት። ፓስፖርቱ የተጻፈው ከልደት መዝገቡ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ደግሞ ያን ቀን ምኩራብ አልነበረም። ብዕሩን ይዤ እዚያ መስመር ላይ ስደርስ እጄ ያንን ስም አልጽፍም አለኝ፤ እውነቱ ይህ ነው። አንተም ጽፈኸው ብትሆን ኖሮ ልጄን ልትገድላት ነው ብዬ የምጮህብህ እኔው ነበርኩ።

የአሜሪካ ቆንስላ የተቀበለን ጸሐፊ ልጅ እግር ነው፤ ጨዋ ነው፤ ለኻያ ወንበር ስቦላታል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ ብዙ ካያቸው በኋላ፣ ወንድሜ ላስመጣት ያለው ልጅና እኔ ይዤ የመጣኋት ልጅ ሁለት የተለያዩ ልጆች እንደሆኑ ነገረኝ። በዚያ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ ስለ መልአከ ሞት ላስረዳው ስሞክር ብታየኝ በሳቅ ትሞት ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ ቅጹ ላይ ይህን የሚጽፍበት ቦታ እንደሌለው ነገረኝ። የተስተካከለውን ወረቀት ይዘን በሴፕቴምበር ሃያ ሁለት እንድንመለስ ቀጠሮ ሰጠን። ያን ቀን ልጅቷን ራሷን እጠይቃታለሁ፣ በፓስፖርቷ ስም ትመልስልኝ አለ።

አብራኝ የምትተኛው ወይዘሮ ታውበር የበርሊን ሴት ናት፤ የበርሊኖቹን ታውቃቸዋለህ፣ ከእግዚአብሔር ጋር እንኳ በቀጠሮ ነው የሚገናኙት። ፍርሃቴን ስነግራት ሹራቧን መሥራት ሳታቆም፣ “ማርሴይ ያለው መልአከ ሞት ስም ጠይቆ አይደለም የሚሠራው፤ ልጅሽን አስተምሪያት” አለችኝ። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ከዚያ ማስተማር ጀመርኩ።

በመጀመሪያው ቀን ያንን ስም በጆሮዋ ነገርኳት።

“ማናት እሷ?” አለችኝ።

“አንቺ ነሽ።”

“እኔማ ኻያ ነኝ።”

“ለቆንስሉ እሷ ነሽ። ሲጠራሽ እኔ ነኝ ትያለሽ።”

ትንሽ አሰበችና፣ “ቆንስሉ እሷን ከወደዳት እሷ አሜሪካ ትሄዳለች፤ እኔስ እዚህ ልቀር ነው?” አለችኝ። ፀጉሯን አበጠርኩላት።

በመጀመሪያው ሳምንት ግቢ ውስጥ ስትጫወት ከኋላዋ ሆኜ ስጠራት ዞርም አትልም ነበር። ከንፈሬን እነክሳለሁ፣ በሆዴ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን ለፋይቪሽም አልጻፍኩለትም። ከዚያ የራሴን የስኳር ድርሻ ማባበያ አደረግኩት። ስሙ ሲጠራ ከተጫወተችበት ትነሳለች፣ ተረከዝ ታጋጥማለች፣ እጅ ወደ ታች፣ አገጭ ቀና፣ ድምፅ ከፍ። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ በመጨረሻም በእንግሊዝኛ እንደምን አደሩ ጌታዬ። ኦገስት ሲጋመስ በእውነተኛ ስሟ ስጠራት ከምትመጣው ይልቅ በዚያኛው ስጠራት ፈጥና መምጣት ጀመረች። ያን ቀን ልብስ ማጠቢያው ጋ ሄጄ አለቀስኩ። ወይዘሮ ታውበር አገኘችኝና ጎበዝ አስተማሪ ወጥቶሻል አለችኝ።

አሁን የዛሬውን ልንገርህ።

ጠዋት ዳቦ እንደታደለን ፖሊሶች ገቡ። ሁላችሁም ግቢ ውረዱ ተባለ። ማድሞዜል ኦዲል በደረጃው ላይ ስታልፈኝ ክንዴን ያዘችና በጆሮዬ ነገረችኝ። ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ያለ ሰዎች ዛሬውኑ ወደ ጡብ ፋብሪካው ይወሰዳሉ፤ ከዚያ ባቡር አለ፤ ባቡሩ የት እንደሚሄድ የሚነግራት አላገኘችም። ስሙ ተጠርቶ ያልተገኘ ልጅ ካለ ግን በወጥ ቤቱ በር አውጥታ ገጠር ካለ ቤት ታደርሰዋለች። ዝርዝሩን የያዘው መኮንን ዞሮ ሰው አይፈልግም አለችኝ፤ አቤት የሚለው ካላገኘ መስመር አስምሮ ወደሚቀጥለው ነው የሚያልፈው።

ልጆቹን ለብቻቸው ወጥ ቤቱ በር አጠገብ አቁመዋቸዋል። ኻያ እዚያ ናት፤ ማድሞዜል ኦዲል ሄዳ ከኋላዋ ቆመች። በመሃላችን ፖሊስ አለ። ሌይዘር፣ እመን አትመን፣ ልቤ ረጋ። ዝርዝሩ የተጻፈው ከፓስፖርቶቻችን ነው፤ ስለዚህ የሚጠሩት ስም ያ ስም ነው። ይኸው መዝገቡን ይዞ መጣ አልኩ፤ ይጥራ፣ እንዲህ የምትባል ልጅ የለችም፣ ረቢው ነፍሳቸውን ይማር። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ እምነት ኖሮኝ አያውቅም።

ያስተማርኳት ትዝ ያለኝ የራሴ ስም ሲጠራ ነው። አፈር ልብላ፣ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። አቤት አልኩና ወደ እሷ ዞርኩ። በዓይኔ ዝም በይ አልኳት፤ ራሴን ነቀነቅኩ። አየችኝ። እሷ ቀጥ ብለሽ ቁሚ ያልኳት መሰላት፤ ተረከዞቿን አጋጠመች።

“ዝሎትኒክ፣ ጊትል” አለ መኮንኑ።

አየህ፣ ጻፍኩት። ከእንግዲህ ባልጽፈው ማንን አድናለሁ።

ሁለተኛ ጠራ፤ መስመሩን ሊያሰምር እርሳሱን አንስቶ ነበር። የማድሞዜል ኦዲል እጅ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ልጄ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። እጇ ወደ ታች፣ አገጯ ቀና።

“እኔ ነኝ ጌታዬ። ጊትል ዝሎትኒክ እባላለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው።”

ቀጥላም በእንግሊዝኛ እንደምን አደሩ አለችው። አንዲት ቃል አልሳተችም። መኮንኑ ፈገግ አለና ምልክት አደረገባት። እሷም አሳምሬ መለስኩ ወይ ብላ ፊቴን ልታይ ወደ እኔ ዞረች።

ጎበዝ አልኳት። ምን ልበላት? ሳቄን አሳይቼ፣ ጎበዝ የኔ ልጅ አልኳት።

አሁን እሷ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ያችን አንድ የተፈቀደችልንን ሻንጣ ትሸክፋለች። ሰውየው ቆንስሉ ራሱ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሌሎቹ ልጆች በእንግሊዝኛ ሰላም ስላላሉት አዝናላቸዋለች። መጀመሪያ አባባ ጋ ነው የምንሄደው አልኳት፤ ይህን እንኳ አልዋሸኋትም፣ ፋይቪሽን ዛሬ ማታ እናየዋለን፤ በዚህ ደስ ይለኛል። ማድሞዜል ኦዲል የልጅቷን ስም ለማሰረዝ ባለሥልጣኖቹ ዘንድ እየሮጠች ነው። ተስፋ አለ ብላኛለች። ስትለኝ ግን የሹራቧን ቁልፎች አዛብታ ትቆልፍ ነበር፤ ፊቴንም አላየችም። ወይዘሮ ታውበር ዝርዝሩ ላይ የለችም። የሠራችውን ሹራብ አምጥታ ለኻያ ሰጠቻት፤ ከዚያ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ እስካሁን እዚያው ናት።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። በዚህ አድራሻ መልስ አትላክ፤ የሚቀበልህ የለም። ወረቀቱንም ለማስተካከል አትሩጥ፤ ምናልባት ማድሞዜል ኦዲል ኻያ እጄ ላይ ናት ብላ ከጻፈችልህ ብቻ ያኔ ሩጥ፣ የእኔንና የፋይቪሽን ስም ትተህ የእሷን ብቻ አስገባ። ዛሬ ግን፣ ይህን አንብበህ እንደጨረስክ፣ ምኩራብ ሂድና አስር ወንዶች ሰብስብ። እንደዚያን ጊዜው ጫማህን ሳታስርም ቢሆን ሩጥ። ኦሪቱ ይውጣና ለልጄ ሦስተኛ ስም ስጧት። ኻያን እኔው በገዛ አፌ አስረሳኋት፤ የእናታችን ስምም ዛሬ ምን እንዳመጣባት ይኸው ሰማህ። ደብዳቤው እጅህ እስኪገባ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ቢሆንም አድርገው፤ እኔ ከዚህ ሌላ የማውቀው በር የለም።

ስሙ ባያምርም ግድ የለኝም። ከዘመዶቻችን የማንም ስም አይሁን፤ አዲስ ይሁን፣ ማንም ያልተጠራበት፣ የትም መዝገብ ያልገባ።

ሚስትህን ሳምልኝ። በዓይኔ ያላየኋቸው ልጆችህ በእርጅናህ ይጡሩህ፤ ስማቸው በሰላም ይጠራ፣ ሲጠሩም ለመልካም ይሁን። እግዚአብሔር የዚያን ሌሊት ሩጫህን አይርሳልህ፤ ልጄን ለሰባት ዓመት ሰጥተኸኛል።

አንድ አደራ ብቻ። ያወጣችሁላትን ስም ለእኔ እንዳትጽፍልኝ። የት እንዳለሁ ብታውቅም እንኳ፣ ራሴ ጽፌ ብለምንህም እንኳ አትንገረኝ። እንዳላስተምራት።

እህትህ
ብሬንድል