ያልተሰካው ገመድ

ወንድሜ ቀጮ፣

ኮምፒውተሩን ያበላሸኸው አንተ አይደለህም።
ጠዋት ጎኑን ፈትቼ ሳየው የፕሮሰሰሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ጭራሽ አልተሰካም። ገና ትናንት የገጣጠምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሰክቼ ማብሪያውን ብጫነው ወዲያው ተነሳ።

ትናንት "ጋሼ፣ እኔ አልነካሁትም!" እያልከኝ ፊትህን በኪቦርዱ ስመታህ፣ ከወደቅክም በኋላ በእርግጫ ስደግምህ፣ ገመዱን ልይ እንኳ አላልኩም።

ወለሉን አጥቤያለሁ። የግድግዳው ደም ግን አልለቅ አለ።

ቅንድብህ መሰፋት አለበት፤ ዛሬውኑ ክሊኒክ ሂድ። ሲጠይቁህ ደረጃ ላይ ወደቅኩ እንዳትል፤ ወንድሜ ነው የመታኝ በላቸው።
ለእማዬ እኔው እነግራታለሁ።

ልቀሰቅስህ መጥቼ ነበር። ተኝተህም እንኳ ፊትህን በክንድህ ጋርደሃል።

ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ።
ባንኳኳም አትክፈትልኝ።